የእሳት ኬላ በላይኛው ጎባ

እሳት ልትጭሩ ጎረቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ጎባ ላይኛው ሰፈር አልኖራችሁም ማለት ነው። ብርድ ከሳነቴ ተራራ ተንከባሎ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያርፈው እኛ ላይ ነው። ታች ገበያው ጋ ሲደርስ ደክሞት ነው የሚደርሰው፤ እኛን ግን ገና ትኩስ ሆኖ ያገኘናል። ብርድ ደግሞ ትኩስ ይሆናል ወይ የሚል ካለ፣ በጥር ወር ይምጣና እኔ ቤት ይደር። ብርድ ልብሱን ግን ይዞ ይምጣ፤ የምሰጠው የለኝም።

ስለዚህ በኛ ሰፈር እሳት እንደ ከብት ነው፤ ያድራል። ማታ ፍሙን አመድ አልብሰው ያስተኙታል። ጠዋት አንዷ አመዱን ስትገልጥ ፍሙ ቀይ ዓይኑን ይከፍትላታል፤ ሌላዋ ስትገልጥ አመድ ብቻ ታገኛለች። የጠፋባት ገል ወይም ደረቅ ኩበት ይዛ ወዳልጠፋባት ትሄዳለች። ሄዳም እሳቱን ብቻ ይዛ አትመለስም። ማን እንደታመመ፣ የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ባል ከሮቤ ሰክሮ እንደመጣ አብሮ ይጫራል። ክብሪትማ ሃጂ ቃሲም ሱቅ ሞልቷል፤ ሃጂ ቃሲም ከሰፈራችን መግቢያ ላይ ያለው ባለሱቅ ነው። ነገር ግን ክብሪት ወሬ አያወራም። አንዴ ቦግ ብሎ ይጠፋል፤ ምን ያደርግላቸዋል?

ክፋቱ ደኑ ነው። ባሕር ዛፉ ከጓሯችን ይጀምርና ሽቅብ እስከ ጥዱ ይወጣል፤ ከጥዱ በላይ ደግሞ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ አለ። በበጋ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ መሬት ላይ ተከምሮ እግር ሲያርፍበት እንደ ተጠበሰ ገብስ ይንኮሻኮሻል። በዚያ መሃል ሴቶቻችን ፍም በኩበት ተሸክመው፣ ነፋሱ ብልጭታውን ከኋላቸው እየበተነው፣ እየተሳሳቁ ያልፋሉ። እኔ ከደጃፌ ሆኜ እያንዳንዱን ብልጭታ በዓይኔ እከተላለሁ። የሰፈሩ መንገድ አንድ ነው፤ እሱም በደጃፌ ነው የሚያልፈው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከበቀለ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከገዛ ሴት ልጄ ጎን ተቀምጬ ነው፤ እሷ ስትስቅብኝ እኔ ስቆጣ ሁለታችንም ጨረስን። ሰው አልወድም። ሰውም አይወደኝም። በዚህ ተስማምተን ብዙ ዘመን ኖረናል።

ታዲያ በአንዱ በጋ አንድ ብልጭታ ከገል ላይ ዘለለና የአንዲት ጎረቤታችንን አጥር በላ። አጥሩ ብቻ ነበር የተበላው፤ ግን ጭሱ ታች ድረስ ታየ። በማግስቱ ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጡ። ደኑን አዩ፣ ቤቶቹን አዩ፣ እርስ በርሳቸው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ፊታቸውን አኮሳትረው ቁርጡን ነገሩን፤ ሌላ እሳት ከተነሳ ከደኑ ጥግ ያሉት ቤቶች ፈርሰው ሰዎቹ ታች ሜዳው ላይ ይሰፍራሉ። ጥግ ማለት እኛ ነን። ከጥግም ጥጉ እኔ ነኝ፤ የቤቴ የሳር ክዳንና የባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ነፋስ ሲነፍስ እንደ ዘመድ ይሳሳማሉ። ያን ቤት ጭቃውን በእግሬ ረግጬ፣ ማገሩን በእጄ መትቼ ነው የሠራሁት። ሜዳው ላይ የሚሰጡኝን ቦታ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ክረምት ሲገባ ዳክዬ የሚዋኝበት ነው።

ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። ኋላ ተቀምጬ ዝም ብል ምን ነበረበት? አልቻልኩም። ሁሉም ተራ በተራ እየተነሳ «እሳት ጎጂ ነው»፣ «ደን ሀብታችን ነው» ሲል ሰማሁና ተነሳሁ። ደን ሀብታችን መሆኑን ደኑም ያውቃል፣ ይልቅ እነዚህ ሴቶች ፍም እያንጠባጠቡ በቅጠል ላይ ሲሄዱ የሚያስቆም አንድ ወንድ ከዚህ ሰፈር ይጥፋ ወይ ብዬ ጮኽኩ። ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። መልካም ተናገርኩ ብዬ ተቀመጥኩ። ስቀመጥ የእሳት መከላከል ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኜ ነበር።

ኮሚቴው እኔ ነበርኩ። ሌሎቹ የተመረጡት ሰዎች ከአዳራሹ በር ላይ ነው የተበተኑት።

የደን ባለሙያ ተላከልን። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ አሳምሮ ያስረዳል፤ አንድ ችግሩ አፍንጫችን ሥር ቆሞ በድምፅ ማጉያ መናገሩ ነው። ያስተማረን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በደኑና በጓሯችን አጥር መካከል መኪና የሚያሳልፍ ስፋት ያለው መሬት አፈሩ እስኪታይ ይጠረግ፤ እሳት የሚበላው ካጣ ይቆማል። ሁለተኛው፣ ማንም ሰው ክፍት እሳት ይዞ በቅጠል መሃል አይሂድ። ገባኝ። የማይገባ ነገር የለውም።

ለጠረጋው ሥራ ሰፈሩን ጠራሁ። አንዱ ቀን የሮቤ ገበያ ነው ተባልኩ። ሌላው ቀን ለቅሶ አለ። ዓርብ ጁምዓ ነው፤ እሑድ ሰንበት ነው፤ በመሃል ሚካኤል አለ፣ ማርያም አለች። ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ በዓል ክብር ሲል አይሠራም፣ ክርስቲያኑም ለሙስሊሙ። እንዲህ ያለ መከባበር እኔ ጠረጋ ስጠራ ብቻ ነው ያየሁት። በመጨረሻ ብቻዬን መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ። እኔ ወደዚያ ስጠርግ ነፋሱ ወደዚህ ይመልሰዋል። ሲመሽ ወገቤ እንደ ቆልማማ እንጨት ታጥፎ ገባሁ፤ ባለቤቴ አስካለ ቀና ብላ አይታኝ፣ ሄጄ የነበረው ልጠርግ ነው ወይስ ልሰግድ ብላ ጠየቀችኝ።

በቃ። አንደኛውን ትቼ ሁለተኛውን ያዝኩ። ለሱ የሰው እርዳታ አያስፈልገኝም፤ ዘበኛ ነበርኩ እኮ። በደጃፌ ላይ መንገዱን አቋርጬ የባሕር ዛፍ አግዳሚ ዘረጋሁ፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ አሰርኩ፣ በገመድ ይነሳል፣ በገመድ ይወርዳል። «እሳት ይዞ ማለፍ ክልክል ነው» ብዬ በሰሌዳ ጽፌ ሰቀልኩ። አጠገቡ ባልዲ ሙሉ ውሃ አኖርኩ። በርጩማዬን አወጣሁ። ካፖርቴን ለበስኩ። ወደ መንገዱ ፊቴን አዙሬ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፍሙ የሚመጣው ከአደ ፋጡማ ቤት ነበር። አደ ፋጡማ በሰፈሩ በዕድሜ ትልቋ ናቸው፤ ከጊኒር ተድረው የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው የተበታተኑባቸው ሴት ናቸው። ምድጃቸው ጠፍቶ አያውቅም ይባላል። እሳቱን ከአማታቸው ነው የተረከቡት፤ አማታቸውም ከአማታቸው። ቤታቸው ከኔ ኬላ ማዶ ነው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ደግሞ ከኬላው ወዲህ። እንግዲህ አስቡት።

መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤታችን ታየች ነች፤ ገል ላይ ፍም ይዛ እየዘፈነች። ሰሌዳውን አሳየኋት። ማንበብ አልችልም አለችኝ። አነበብኩላት። መስማትም አልችልም አለችኝ። ፍሙን ወስጄ ባልዲው ውስጥ ከተትኩት፤ ጭሽሽሽ አለ። ያ ድምፅ እስከ ሰፈሩ ጫፍ ተሰማ መሰለኝ፤ ከየአጥሩ ራስ ብቅ ብቅ አለ።

ከዚያ ጦርነት ሆነ። አንዷ በዘንቢል ከጎመን ሥር አድርጋ አመጣች፤ ጎመኑ እየበሰለ ነበር፣ በጠረኑ ያዝኳት። አንዷ በነጠላዋ ሸፍና መጣች፤ ነጠላው ሲጨስ እኔ ነኝ ያዳንኳት፣ የሰደበችኝ ግን እኔኑ ነው። ታየች ደግሞ ክዳን ያለው ድስት ይዛ መጣችና፣ የአራስ ገንፎ ነው፣ እንዳትነካው አለችኝ። አራስ አለች፤ እውነት ነው፣ ከኬላው ወዲህ አንዲት አራስ ነበረች። አፍሬ አግዳሚውን ራሴ አነሳሁላት፣ እንኳን ማርያም ማረቻት በይልኝ አልኳት። ካለፈች በኋላ ገንፎው ሲጨስ አየሁ። ገንፎ ይተናል እንጂ አይጨስም! ሮጬ አልደረስኩባትም፤ ስትስቅ ብቻ ሰማኋት።

በማግስቱ ሌላ ድስት መጣ። ይዛው የመጣችው የማላውቃት ልጃገረድ ነች፤ የአራስ ገንፎ ነው አለች። «እኔን?» አልኩ በሆዴ። ክዳኑን ከፈት አድርጌ ግማሽ ባልዲ ውሃ ደፋሁበት።

ገንፎ ነበር። ቅቤው ላይ ተንሳፈፈ።

ሰፈሩ ይህን አልታገሰኝም። ያኔ ግምገማ የሚባል ነገር የፋሽን ያህል ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ይገማገማል፣ ቀበሌው ይገማገማል፣ ያልተገማገሙት ባልና ሚስት ብቻ ነበሩ። እኔም ልገመገም ተጠራሁ። የቀበሌው ሰው መድረኩ ክፍት ነው አለ፤ ከፈተውና መዝጋት አቃተው። የአራስ ገንፎ ውሃ ያጠጣ ተባልኩ። ጎመን የፈተሸ ተባልኩ። ከባለሱቁ ከሃጂ ቃሲም ጋር በክብሪት ሽያጭ የተመሳጠረ ተባልኩ። ሃጂ ቃሲም ተነስቶ ወላሂ ብሎ ማለ፤ ከዚህ ሰውዬ ጋር እንኳን መመሳጠር ሰላምታ ተለዋውጬ አላውቅም አለ። ለኔ ጥብቅና መቆሙ ነበር።

ከዚያ የማን እጅ ቢነሳ ጥሩ ነው? የአስካለ።

«ሊቀመንበሩ በቤታቸውም ያው ናቸው» አለች፤ ለመድረኩ ብላ አንቱ እያለችኝ። «እኔ ሚስታቸው እሳት መጫር ስለተከለከልኩ ቤታችን ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛ የገብስ ጭኮ ነው የሚበላው። ቀዝቃዛ ይበላሉ፣ ቀዝቃዛ ይናገራሉ። በበኩሌ ሂሴን ጨርሻለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ አደ ፋጡማ በምርኩዛቸው ተነሱ። እሳቸው አልሳቁም።

«ማሎ፣ እባክህ ልጄ» አሉኝ። «እሳቱ ላንተ እሳት ነው። የእኔን በር ግን ጠዋት የሚያንኳኳው ሰው እሳት ፈልጎ ነው የሚመጣው። አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደሩ የሚለኝ ያ ሰው ነው። እሳቴን የሚጠይቅ ከቀረ እኔን ማን ይጠይቀኛል?»

እዚህ ላይ ልቤ አልተነካም ብል ዋሽቼ ነው። ነገር ግን ቤቴም ነበር በሐሳቤ፤ ዳክዬው ሜዳም ነበር። ተነስቼ፣ ሂሱን አልቀበልም፣ ሂስ እሳት አያጠፋም፣ ሰፈሩ ከሚፈርስ እኔን ብትጠሉኝ ይሻላል፣ ኬላው አይነሳም አልኩና ወጣሁ። ማንም አላጨበጨበም።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድ ተአምር ሆነ። በኬላዬ እሳት የያዘ ሰው ማለፍ ተወ። ሴቶቹ ባዶ እጃቸውን ያልፋሉ፣ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፣ እንዴት አደሩ ይሉኛል። እንዴት አደሩ! እኔን! ታየች እንኳ አንድ ጠዋት ብርዱ አይጎዳዎትም ወይ ብላ አዘነችልኝ። አሸነፍኩ አልኩ። ካፖርቴን ቆልፌ ወደ ቀበሌ ወረድኩና በላይኛው ሰፈር እሳት መጫር ከሥሩ ተነቅሏል ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። አመሰገኑኝ። ለሌሎች ሰፈሮች ተሞክሮዬን እንዳካፍል ጠየቁኝ። እያንዳንዱን ቃል እያላመጥኩ አካፈልኩ፤ ዲንሾ ድረስ ሄደህ ተናገር ቢሉኝም በእግሬ እሄድ ነበር።

ደስታዬን ያበላሸው ሃጂ ቃሲም ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ኬላው ላይ መጥቶ ቆመ። ሰላም አላለኝም፤ ልማዱ ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለኝ፣ «ሰዉ እሳት መጫር ከተወ ክብሪት ይገዛል ብዬ ከሮቤ በካርቶን አስጫንኩ። አንድም ሰው አልገዛም። ካርቶኑ ላይ ድመት ወልዳበታለች። እስቲ ንገረኝ፣ ይህ ሁሉ ጭስ ከየት ነው የሚመጣው?»

ቀና ብዬ አየሁ። ከየቤቱ ክዳን ላይ ጭስ እየተንቦለቦለ ነው። ከኔም ቤት ጭምር! ደግሞም ትዝ አለኝ፤ ጭኮው ቀርቶ ትኩስ ቂንጬ መብላት ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። የክብር መብል መስሎኝ ነበር፤ የሊቀመንበርነት።

ተነስቼ በቤቴ ዞሬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ኬላው ከቆመ ወዲህ ጓሮዬን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ዘበኛ ፊት ለፊት ነው የሚያየው። አጥሬን ከፈት አደረግሁ።

መንገድ አየሁ። መንገድ ስል የእግር መንገድ እንዳይመስላችሁ። በደኑና በሰፈሩ አጥሮች መካከል፣ ከታችኛው ቤት አንስቶ በኔ ጓሮ አልፎ እስከ አደ ፋጡማ ደጅ፣ እንደ ሠርግ ቤት ግቢ የተጠረገ፣ አንድ ቅጠል የሌለበት፣ አፈሩ ቀልቶ የሚታይ ሰፊ ጎዳና! ጭነት መኪና ይመላለስበታል።

በዚያ ጎዳና ላይ አንዲት ሴት መጣች። በአንድ እጇ የቅርንጫፍ መጥረጊያ፣ በጀርባዋ የቅጠል ጆንያ፣ በሌላው እጇ ክዳኑ የተገጠመ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ። አስካለ ነች። የኔዋ።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ቅጠል ልጠርግ።»

«ቆርቆሮው ምንድን ነው?»

«ቆርቆሮ ነው።»

ተቀብያት ከፈትኩት። አመድ ነው። አመዱን በጣቴ ገለጥኩት፤ ከሥሩ ፍም እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ ተኝቷል። ጭስ የለውም፣ ብልጭታ የለውም፣ ቆርቆሮው ለብ ብሎ ያሞቃል እንጂ አያቃጥልም።

«ማን አስተማረሽ?»

«አንተ ነህ ያስተማርከን» አለች፣ ሳታፍር። «ሽታው እንዳይደርስህ አመድ አለበስነው፣ ጭሱ እንዳይታይህ ክዳን አደረግንለት። በጓሮ ስናልፍ ብትይዘን ደግሞ ለቅጠል ነው የመጣነው እንድንል መጥረጊያ መያዝ ነበረብን። መጥረጊያ የያዘ ሰው ሳይጠርግ ቢገኝ ታምነዋለህ? ስለዚህ ጠረግን።»

ሰፈሩ ሁሉ ነበር። ታየችም፣ አራሷም። ያንን ሁሉ ጊዜ እኔ ፊት ለፊት ካፖርት ለብሼ ስጠብቅ፣ እነሱ ከኋላዬ እየተሳሳቁ ይመላለሱ ነበር።

ብልህ ሰው ቢሆን እዚያው ቁጭ ብሎ ይስቅ ነበር። እኔ ተናደድኩ። ለቀበሌው የተናገርኩት ታወሰኝ፤ ተሞክሮዬ ታወሰኝ። ቅርንጫፍ ጎተትኩ፣ ልጣጭ ጎተትኩ፣ የደረቀ አጥር ነቀልኩ፤ ልክ በቤቴ ጓሮ አቅጣጫ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ ከመርኩ። አሁን እለፉ! አልኩ። ሃጂ ቃሲም ዳር ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ ይህ ነገር ግን ደረቅ አልበዛበትም ወይ አለኝ። አንተ ክብሪትህን ሽጥ አልኩት።

ነፋሱ የተለወጠው ያን ጊዜ ነው። ከላይ ከአስታው በኩል ጭስ አየን፤ መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ቡናማ። ለከብቱ ለምለም ሣር እንዲበቅል ብሎ አስታ የሚያቃጥል ሰው በየበጋው አይጠፋም፤ አቃጥሎም ነፋሱን የሚጠብቅለት የለም። ጭሱ ወደኛ ተደፋ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ሲገባ ድምፁን ሰማሁት፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ጨርቅ የሚቀድ ይመስላል። ታች መስጊዱ በድምፅ ማጉያ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በደወል ተጣሩ። ሰው ሁሉ ወጣ፤ ገበያም የለ፣ በዓልም የለ። እርጥብ ጆንያ፣ ለምለም ቅርንጫፍ፣ አካፋ። ጎረምሶቹ ሳር ክዳኔ ላይ ወጥተው ውሃ ይደፉበት ጀመር።

እሳቱ ቅጠሉን እየበላ መሬት ለመሬት እንደ ጎርፍ ወረደ። አይቼ ጨረስኩ፤ ቤቴን በሆዴ ተሰናበትኩት፤ ዳክዬዎቹን በሆዴ ሰላም አልኳቸው። ሙቀቱ ፊታችንን ገረፈን። ከተጠረገው መንገድ ዳር ደረሰ።

ቆመም። የሚበላው አጣ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፤ ደንበኛ ሱቁ እንደተዘጋበት ሰው። ዳር ዳሩን እየላሰ፣ እያነሰ፣ እየተኛ ሄደ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰፈሩ እልል አለ።

አንድ ቦታ ብቻ አልቆመም። የቱ ጋ እንደሆነ ልንገራችሁ ወይስ ታውቁታላችሁ? የኔ ክምር ላይ። ደርቆ፣ ተደርድሮ፣ ከደኑ ተነስቶ እስከ አጥሬ ድረስ ተዘርግቶለታል። እሳቱ ዘሎ ወጣበትና ወደ ቤቴ መራመድ ጀመረ።

አደ ፋጡማ ከጭሱ ውስጥ ምርኩዛቸውን ወደ ክምሩ ቀሰሩ። «ሊቀመንበር» አሉ፣ ሳይጮኹ፣ «ይህን ድልድይ ለማን ሠራህለት?»

መልሱን ለእጄ ተውኩት። ገብቼ ያንን ክምር መጎተት ጀመርኩ። ሃጂ ቃሲም ካባውን ጥሎ ከማዶ ጎተተ፤ ታየች በአካፋ መሃሉን ቆረጠችው። ጢሜ ሲጠበስ ሸተተኝ። አስካለ እየሮጠች መጣች፤ በእጇ ምን ይዛለች? የኬላውን ባልዲ! ፍም ስከትበት የከረምኩትን፣ ገንፎ ያጠጣሁበትን። ግማሹን ክምሩ ላይ ደፋችው፤ ግማሹን እኔ ላይ። ሁለተኛው ያስፈልግ እንደሆነ እስካሁን አልነገረችኝም። እሳቱ ጭሽሽሽ ብሎ፣ አጥሬ ሊደርስ ክንድ ሲቀረው ሞተ።

በማግስቱ ባለሙያው ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች ጋር መጣ። ከወዲያ የከሰለው ደን፣ ከወዲህ አንድ ሳር ያልተነካበት ሰፈር፣ በመካከሉ ያ ቀይ መንገድ። ባለሙያው ከጫፍ ጫፍ ተራመደው፤ ጎንበስ ብሎ አፈሩን ነካው። ከዚያ የድምፅ ማጉያውን ረስቶት በገዛ ድምፁ ጠየቀ፤ ይህን ያሠራው ማነው፣ ሕዝቡንስ በምን ዘዴ ነው ያነሳሳችሁት?

ሰፈሩ ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ግማሽ ጢም ይዤ ቆሜያለሁ። የቀረውን ጢሜን በመዳፌ ሸፈንኩ።

«እሱ ነው ያስጠረገን» አሉ አደ ፋጡማ። «ፊት ለፊት ከለከለን፤ በኋላ በኩል ጠረግን።»

የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ተንሾካሾኩ። በዚህኛው ሹክሹክታ ላይ ጆሮዬ ጥላኝ ልትሄድ ምንም አልቀራት። ከዚያ ትልቅየው ጉሮሮውን ጠረገና እንዲህ አለ፦ «ቤቶቹ ባሉበት ይቆያሉ።» እልልታው እስከ ሮቤ ሳይሰማ አልቀረም። ሃጂ ቃሲም ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል ሁሉንም አቀፈ። እኔንም አቀፈኝ፤ ወዲያው ግን ማንን እንዳቀፈ ገብቶት ለቀቀኝ።

ደስታዬ በዝቶ፣ ለጋስ ልሁን ብዬ፣ እንግዲህ ኬላው ተነስቷል፣ በደጃፌ በክዳን እለፉ፣ ክልከላ የለም ብዬ አወጅኩ። የሚመርቁኝ መስሎኝ ነበር። ታየች ግን ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ኬላው ከተነሳ ማን በጓሮ ይዞራል? በቀጥታው መንገድ ማለፍ እየቻልኩ መጥረጊያ ተሸክሜ ዳገት የምወጣ ሞኝ ነኝ?» አለች። ሴቶቹ ሁሉ እውነቷን ነው አሉ። ኬላው እንዳይነሳ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። እኔ ሊቀመንበሩ ብቻ ተቃወምኩ፤ ተሸነፍኩ።

ስለዚህ በጋ ሲገባ አግዳሚውን አወርዳለሁ። ሰሌዳውን እሰቅላለሁ፣ ባልዲውን እሞላለሁ፣ ካፖርቴን ለብሼ በርጩማዬ ላይ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ እቀመጣለሁ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ መጥረጊያው ሽው ሽው ሲል ይሰማኛል። የቆርቆሮ ክዳን ኳ ይላል። አደ ፋጡማ ማን አለ ብለው በር ሲከፍቱ፣ አካም ቡልቴ ሲባሉ፣ ሲስቁ እሰማለሁ። የአስካለንም ሳቅ ከሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ። ያኔ ጮክ ብዬ እስላለሁ፤ እዚህ ነኝ፣ አልዞርም፣ በደንብ ጥረጉ ለማለት።

ደግሞም አልዞርም። ዘበኛ ነኝ፤ ፊት ለፊት ነው የምጠብቀው።